ዛፍዎ ለምን ቀጨጨ?

ሰንጋ ተራ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ የሰንጋ ገበያ ነበር። ሰንጋ ሊገዛ የወጣ ሰው ነገርን ሁሉ የሚመዝነው በድልበቱ ነው፤ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ጎኑን ይዳብሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ "አልሰባም" ካለ አለቀ። ሰንጋው ከሄደ ቆየ፤ ቦታውን ባንክና ፎቅ ወረሰው። ያ ዓይን ግን ከሰፈሩ አልወጣም። እኔ ደግሞ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ በዚሁ ሰፈር መኻል፣ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ ወይራ በሸክላ ሣህን ይዤ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ለሰው አሳያለሁ። የሚደርስብኝን አስቡት።

የዘንድሮውን የከፈተልኝ የግቢው ጥበቃ ነው። ወይራዬን ሁለት ጊዜ ዞረውና በሐዘኔታ፣ "አባባ፣ ዛፍዎ ለምን ቀጨጨ?" አለኝ። ቀጨጨ! ዐሥራ ሁለት ዓመት ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ያረቅሁት ዛፍ! ቀጥላ የመጣች ወይዘሮ "ምግብ አንሶት ነው" ብላ ፈረደች። ሦስተኛው ጎልማሳ ዋጋ ጠየቀኝ። አይሸጥም ስለው፣ "ታዲያ ምን ሊሠራ አወጡት?" ብሎ ተቆጣ። አልፈርድበትም። በሰንጋ ተራ የማይሸጥ ነገር ይዞ ደጅ መውጣት ነውር ሳይሆን አይቀርም።

ጃፓኖች ይኼን ነገር ቦንሳይ ይሉታል። ትርጉሙ "በሣህን የተተከለ" ነው፤ ከዚያ በላይ ምሥጢር የለውም። ጥበቡን ከቻይና ወስደው እነሱ አራቀቁት፤ ዓለምም ስሙን ከእነሱ ተማረ። ዘሩ ድንክ አይደለም፤ ይህን በየዓመቱ ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀ። ያው በየተራራው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምታውቁት ወይራ ነው። ሥሩ ጠባብ ሣህን ውስጥ ይገታል፤ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ከነአፈሩ ወጥቶ ይከረከማል፤ የሚሮጠው ቅርንጫፍ ይቀነጠባል፤ የቀረው በሽቦ ተጠምዝዞ አቅጣጫውን ይይዛል። እንጨት የሚታረቀው በርጥቡ ነው ይባል የለ? ቅጠሉም ከጊዜ ጋር እያነሰ ይመጣል። ተራበ ያለው ማነው? ውኃ ይጠጣል፣ ፍግ ይቀርብለታል፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል። ጡረታዬ ቢፈቅድልኝ እኔም እንደሱ በኖርኩ።

ትዕግሥትን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚመክረኝ በዕንቁላል ነው። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉኛል። የኔ ወይራ በቆመበት ዐሥራ ሁለት ዓመቱ፤ በዚህ መኻል ስንቱ ዕንቁላል በእግሩ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ለፋሲካ ታርዶ ተረስቷል።

ነገሩ የጀመረኝ በቀን መቁጠሪያ ነው። በወጣትነቴ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርሁ። ለዛሬ ልጆች ላስረዳ፤ ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ጋዜጣና መጽሐፍ የሚሠራው የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ በእጅ እየተለቀመ፣ እየተደረደረ ነበር። እንግሊዝኛው በሃያ ስድስት ፊደል ይገላገላል። የኛ 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231፣ ዲቃሎቹ ገና አልተቆጠሩም። እሱንም የመስተዋት ምስል አድርገህ፣ ተገልብጦ እያነበብህ ነው የምትለቅመው። ከለቀማ ሣጥኔ በላይ ግድግዳው ላይ የጃፓን ዕቃ አስመጪዎች ያደሉት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። የጥር ወር ሥዕል፣ በሰማያዊ ሣህን የቆመ፣ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ ዛፍ። ዓመቱ አልቆ ቀን መቁጠሪያው ሲነሳ ያንን አንድ ገጽ ቀድጄ ቤቴ ወሰድኩት።

ለኔ ዘመን ሰው ጃፓን ማለት ሌላ ነገር አልነበረም፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያመጣባት አገር ናት። ከኛ በፊት የነበሩት ምሁራን ደግሞ ከዚያም አስበልጠው ያዩዋት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሄደው አይተዋት "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚል መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ ያ ትውልድ ኢትዮጵያ እንደ ጃፓን በአንድ ዘመን ተመንጥቃ እንድትሠለጥን ይመኝ ነበር። አገሬ ከዚያ ሁሉ ምኞት ቶዮታውን ወሰደች። እኔ ድንኩን ዛፍ ወሰድኩ። ከሁለታችን ማን እንደተጠቀመ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ አስቡት።

ወይራው ግን ከጃፓን አልመጣም። የድሮው ግቢያችን ሊፈርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ጎረቤቱ ቆርቆሮና መዝጊያ ሲነቅል፣ ባለቤቴ ምጣዷን ስታቅፍ፣ እኔ ከድንጋዩ አጥር ስንጥቅ ውስጥ ጣት የምታክል ችግኝ ፈልቅቄ በወተት ጣሳ ይዤ ወጣሁ። "ሰው በር ይዞ ይሄዳል፣ አንተ አረም" አለችኝ። በሩ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። አረሙ ግን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ የልጄ ቤት ሰገነት ላይ ነው።

አሁን ዕቃ ወደ መሰብሰቡ ልሂድ፤ እዚህ ላይ ነው የተዋረድኩት። ሣህን ላሠራ ቀጨኔ ወጣሁ። ለሸክላ ሠሪዋ "ስፋቱ የትንሽ ምጣድ፣ ጥልቀቱ ሦስት ጣት፣ ከታች ሁለት ቀዳዳ" አልኳት። እጇን ከጭቃው አንስታ አየችኝ። "አባቴ፣ እኔ ሸክላ ሲነቃብኝ እጥላለሁ እንጂ በስቼ አልሸጥም።" ውኃው እንዲወርድ፣ ሥሩ እንዳይበሰብስ ብዬ ሳስረዳት ቆየሁ። በመጨረሻ ሠራችልኝ፤ ለቀዳዳዎቹ ግን ለብቻቸው አስከፈለችኝ።

አፈሩም ሌላ ጣጣ ነው። ቦንሳይ ጥቁር አፈር አይወድም፤ ውኃ ቶሎ የሚያሳልፍ፣ አየር የሚይዝ ጠጠር ነው የሚፈልገው። ጃፓኖች አካዳማ የሚባል ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር አንጥረው፣ በከረጢት አሽገው ለዓለም ይሸጣሉ። እኛ የእሳተ ገሞራውን ቀይ ጠጠር ከደብረ ዘይት በኩል በገልባጭ መኪና እያመጣን ለወለል መደልደያ እንደፋዋለን፤ ግንበኛ ሬድ አሽ የሚለው ነው። እንግዲህ በሰንጋ ተራ የግንባታ ቦታ ጠፍቶ አያውቅም፤ አንድ ፌስታል ልሙላ ብዬ ጎንበስ ስል ዘበኛው ያዘኝ። ቀይ ጠጠር ሰርቆ የተያዘ የመጀመሪያው ጡረተኛ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሽቦው ደግሞ ይብሳል። ቅርንጫፍ ለመቆልመም የሚመቸው ለስላሳ መዳብ ነው፤ መዳብ ያለው የመብራት ገመድ ውስጥ ነው። የመብራት ገመድ ልጦ መዳቡን በእሳት ሲያለሰልስ የሚታይ ሰው በአዲስ አበባ ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር አልነግራችሁም።

የምንሰበሰበው አራት ሰዎች ነን፤ ስም የለንም፣ ማኅተምም የለንም። አንዱ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። ዕድሜ ልኩን ሐዲድ ሲያቃና ኖሮ ዛፍ ማጣመም እጁ እምቢ አለው፤ ፋይከስ ዛፎቹ ሁሉ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብለው ቆመዋል። የባንኩ ልጅ፣ ከመካከላችን ሕፃኑ፣ "ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቾካን የሚባል የታወቀ ስልት ነው" ብሎ ካሞገሰው ወዲህ አንገቱም ቀጥ ብሏል። ሦስተኛዋ የባዮሎጂ መምህርት ነበረች፤ ዝግባን በላቲን ስሙ ካልሆነ አትጠራውም። አምስተኛ ነበረን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቹ ጋ ኮሎራዶ ሄደና ሦስት ጥዶቹን ለኔ ተወልኝ። በየእሑዱ ይደውላል። "ጥዶቹ እንዴት ናቸው?" ይላል። እኔ እንዴት እንደሆንኩ እስካሁን አልጠየቀም።

የባንኩን ልጅ እወደዋለሁ፤ ግን ያቃጥለኛል። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ግንዱ የወፈረ ፋይከስ ይገዛል፣ ቅዳሜ ይቆርጠዋል፣ እሑድ ሽቦ ይጠመጥምበታል፣ ሰኞ ፎቶውን ያነሳል። ማክሰኞ ዛፉ ይሞታል። እሱ ግን ፎቶው አለው።

ከሱ ጋር የተጣላሁት በጸደይ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ "ሥር የሚከረከመው፣ ሣህን የሚለወጠው በጸደይ ነው" ይላል። የትኛው ጸደይ? ልጁ መስከረምን ጸደይ ይለዋል፤ ሬዲዮውም እንደሱ ነው የሚለው። እኔ በባሕረ ሐሳብ ያደግሁ ነኝ፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው ነው፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አበባው የመጸው ነው፤ ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚሆነው በከንቱ አይደለም። ይህን ሁሉ ብዬ ስጨርስ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና "ሁለቱም ይባላል ጋሼ" አለኝ። ሁለቱም ይባላል! አገር ያጠፋች ቃል ይህቺ ናት። መምህርቷ ገላገለችን፤ የጃፓን ዛፍ በበረዶ ተኝቶ በጸደይ ይነሳል፣ የኛ ዛፍ መቼ ተኝቶ ያውቃል፣ አዲስ እንቡጥ ሲያብጥ አይታችሁ ከርክሙ አለች። ከዚያ ወዲህ ወይራውን የምጠይቀው ራሱን ነው። ለማሳየት ግን ጥቅምትን መረጥን፤ ዝናቡ አባርቶ፣ የኅዳሩ ብርድ ሳይገባ፣ ብርሃኑ ጥርት ሲል።

እንግዲህ መካፈል የሚባለው ነገር። በድሮው ግቢ ከአጥሩ በላይ የማይተላለፍ ነገር አልነበረም። የጤና አዳም ግንጣይ፣ የጽጌረዳ ቁራጭ፣ አሪቲ፣ ሁሉም በዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ ከደጅ ደጅ ይሄድ ነበር። ቆርቆሮው ሲመለስ ደግሞ ባዶውን አይመለስም፤ ቆሎም ቢሆን፣ ቃሪያም ቢሆን ይዞ ይመጣል። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነበር። የዛሬው ሰው ይህን ነውር በብልኀት አመለጠው፤ ጨርሶ አይመልስም። ከአምስት ዓመት ወዲህ ከነሣህናቸው የሰጠኋቸው ችግኞች ሃያ አንድ ናቸው፤ ጽፌያቸዋለሁ። የተመለሰ ሣህን፣ አንድ። እሱም ተሰብሮ።

ካቻምና የሆነውን ልንገራችሁ። ከኮሎራዶው ወዳጄ ጥዶች አንዱ የደረቀ ቅርንጫፍ አለው። እንዲህ ያለውን ቅርንጫፍ ጃፓኖች አይጥሉትም፤ ልጡን ልጠው፣ አንጥተው፣ መብረቅ የመታው የተራራ ዛፍ ያስመስሉታል። ስሙን ጂን ይሉታል። ወር ሙሉ በፊደል መልቀሚያ ወረንጦዬ ልጡን ስቀርፍ ከርሜ አወጣሁት። የባንኩ ልጅ ገና ከሊፍቱ ሲወጣ አየውና ከግቢው ጥግ እስከ ጥግ በሚሰማ ድምፅ፣ "ጋሼ! የጥዱ ጂን እንዴት ያምራል!" ብሎ ጮኸ።

ግቢው ጸጥ አለ። ልጆች ተጠሩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት እናት በሃይላንድ ጸበል ይዘው ደረሱ፤ ጥዱን ረጩት፣ ሣህኑን ረጩት፣ እኔንም ለጥንቃቄ ረጩኝ። "ወንድሜ፣ ድሮም ያን ያህል ዓመት ያላደገ ነገር ጤና አይመስለኝም ነበር" አሉኝ። ጂን የጃፓን ቃል ነው ብዬ ላስረዳ ብሞክር፣ "ጃፓንስ ቢሆን ምን ይከለክለዋል?" አሉ። ክፋቱ፣ ጥዱ በሳምንቱ አቆጠቆጠ። ለትርዒቱ ብዬ ውኃ ቀንሼበት ኖሮ የጠማው ዛፍ ነው፤ ለማን ይነገራል? እስከ ዛሬ በፎቁ ምስክርነቱ የሳቸው ነው።

ስናደድ የኦሚያን ነገር አነሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1923 የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲያወድም የከተማዋ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ወደ ሰሜን ወጥተው ኦሚያ ላይ በ1925 የራሳቸውን መንደር ቆረቆሩ። የያኔ ሕጋቸውን ስሙ፤ እዚያ የሚኖር ሰው ቢያንስ ዐሥር ቦንሳይ ይኑረው፣ በሩ ለጎብኚ ሁሉ ክፍት ይሁን፣ አጥሩ ቁጥቋጦ ይሁን፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ክልክል ነበር። ፎቅ ክልክል ነበር! ዛፉ ፀሐይ እንዲያገኝ። ይህን ሕግ ሰንጋ ተራ ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ቀና በሉ። የንግድ ባንክ ሕንጻ ብቻውን 209 ሜትር ነው። እነሱ ያስረዝማሉ፣ እኔ አሳጥራለሁ፤ የኔ ወይራ ፀሐይ የሚያገኘው በሁለት ፎቆች ስንጥቅ መኻል ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ነው። እኔም ጠረጴዛውን እየገፋሁ ፀሐይዋን እከተላለሁ። ባለቤቴ የጽሕፈት ቤት ሥራ ትለዋለች።

ደግሞ አንድ ዛፍ አለ፤ እሱን ሳስብ ማማረሬን ትንሽ እተዋለሁ። በሂሮሺማ ያማኪ የሚባሉ ቤተሰቦች ዘንድ የነበረ ነጭ ፓይን ነው። በሣህን ማደግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1625 ነው፤ እዚህ አፄ ሱስንዮስ ነግሠው፣ ጎንደር ገና ከተማ ሳትሆን ማለት ነው። በ1945 ቦምቡ ሲወርድ ከፈነዳበት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከግቢው ግንብ ኋላ ቆሞ ተረፈ። በ1976 ጃፓኖች ለአሜሪካ ከሰጧቸው ሃምሳ ሦስት ዛፎች አንዱ ሆኖ ዋሽንግተን ገባ፤ ከየት እንደተረፈ ግን ትንፍሽ ያለ አልነበረም። በ2001 የያማኪ የልጅ ልጆች ሊጠይቁት ሄደው ነው የተናገሩት። ሃያ አምስት ዓመት! ቦምብ የጣለብህ ሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጠህ ዝም። እኔ ለአንድ ሣህን ይኼን ሁሉ ገጽ አጮኻለሁ።

ወደ ዘንድሮው ልመለስ። የማሳያችን ዋዜማ፣ ማታ፣ ሰገነቱ በጭስ ተሞላ። የወይራ ጭስ ነው፤ ሽታው ያሳብቃል። ባለቤቴ ለማኅበሯ ጠላ ልትጠምቅ ጋኗን ደፍታ ታጥናለች። "ወይራ ከየት አገኘሽ?" አልኳት። አልመለሰችም። ሮጬ ወጣሁ፤ ሰባ አራት ዓመት እንደሚሮጠው ማለቴ ነው። የወይራዬ የግራ ቅርንጫፍ የለችም። ዘጠኝ ዓመት በሽቦ ይዤ፣ ወደ ታች አጎንብሼ፣ እንደ ልጅ እጅ የዘረጋኋት ቅርንጫፍ!

"ምን አደረግሽኝ?"

"አይ አንተ ሰውዬ፣ ለዚያች ስንጥር ነው? ገበያ ላይ የወይራ ዋጋ ሰምተሃል?"

ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ተቆርጦ የቀረውን ጉጥ በጭቃ ሸፍኜ፣ ያንን ጎን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥሁት። ጥበቃው መጣ፣ ቀጨጨ አለ፤ ይህን ነግሬያችኋለሁ። ከዚያ መምህርቷ መጣች። ሣህኑን ያለ ፈቃዴ አዞረችው። ጉጡን አየች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ እኔም ልቅሶ ላይ እንደሚቆም ሰው ጎኗ ቆምሁ።

"እሰይ!" አለች። "በመጨረሻ ቆረጥካት!"

የባቡሩ ጡረተኛም ተጠግቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ያቺ ቅርንጫፍ ግንዱን ትሸፍነው ነበር አሉ፤ ዛፉን ወደ ግራ ትጥለው ነበር አሉ፤ አሁን ዛፉ ተነፈሰ አሉ። ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው ይህ የሚታያችሁ ብዬ ጠየቅሁ። "ከስድስት ዓመት በፊት" አለች መምህርቷ፤ "እንዲያው ይሉኝታ ይዞን ነው እንጂ።" ስድስት ዓመት ሙሉ ቡናዬን እየጠጡ፣ ችግኜን እየወሰዱ፣ "ግሩም ነው" እያሉ! ይሉኝታ ዛፍ እንደሚያበላሽ በየትኛውም የጃፓን መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ለነሱ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ባለቤቴ ከኋላ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ለአራቱም ቆሎ አዞረች፤ ለኔ መጨረሻ ላይ። ከዚያ ወዲህ በሰገነቱ ስታልፍ የቀኙን ቅርንጫፍ ቆም ብላ ታየዋለች። ጋኑ ሁለት ነው።

እኔ ግን የቀረኝ ጉዳይ አንድ ነው። ከባለፈው ጥቅምት ወዲህ ከግቢው ጠረጴዛ ላይ ሦስት የቀጨኔ ሣህን፣ ከታች ሁለት ሁለት ቀዳዳ ያላቸው፣ እና አንድ የፊደል መልቀሚያ ወረንጦ፣ ጫፉ በትንሹ የታጠፈ፣ ሄደዋል። የወሰዳችሁ ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቃችኋለሁ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ዘጠነኛ ፎቅ፣ ወይራ የሚሸትበት በር ነው። መልሱልኝ። ባዶውንም ቢሆን እቀበላለሁ።